ምች የመታው ድንቹን ነበር፤ ሰውን ምን ገደለው?

በባንጃ ወይም በጓጉሳ ሽኩዳድ ድንች የሚያለማ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይህን ሳታዩ አልቀራችሁም። ክረምቱ ይከብድና ጭጋጉ ለቀናት ሳይገፈፍ ይውላል። ከዚያ የአንዳንዱ ቅጠል ጫፍ የፈላ ውሃ የተደፋበት መስሎ ይጠወልጋል። ቅጠሉን ገልበጥ ስታደርጉት በጠቆረው ቦታ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ታያላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ማሳው እንዳለ ይጠቁራል፤ ሽታው ከሩቅ ይሰማል። ዝናቡ በሽታውን ከቅጠሉ አጥቦ ወደ አፈር ያወርደውና ደህና መስሎ የተቆፈረው ድንች ሳይቀር ቤት ገብቶ ይበሰብሳል። «ምች መታው» ይባላል። ብዙ ገበሬ ክረምቱን ሸሽቶ በበልግ ወይም በመስኖ የሚተክለው፣ በክረምት የሚተክለው ደግሞ ሪዶሚልና ማንኮዜብ የሚረጨው ለዚህ ነው።

የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1990ዎቹ ካወጣቸው የድንች ዝርያዎች አንዱ «ዘንገና» ይባላል፤ ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ ያለው የሐይቃችን ስም ነው። ሌላው «ጓሳ» ነው። ተመራማሪዎች የድንች ዝርያ ሲመርጡ ከምርቱ ብዛት ጋር አጥብቀው የሚያዩት ይህን በሽታ መቋቋሙን ነው።

እንግዲህ ይኸው በሽታ ነው በአየርላንድ «የድንች ረሃብ» የሚባለውን ያስነሳው። ታሪኩን ልነግራችሁ የፈለግሁት ብዙዎቻችን «ድንቹ ታመመ፣ ሰዉ ሞተ» ብለን ስለምናልፈው ነው። በመካከል ያለው ግን ረጅም ነው። እሱን ያየ ሰው የወሎን ረሃብም ከዚያ በፊት ባየው ዓይን አያየውም።

በሽታው ከአሜሪካ አህጉር በመርከብ ተሻግሮ አውሮፓ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1845 በጋ ቤልጂየም ላይ ታየ፤ በመስከረም አየርላንድ ገባ። በእኛ አቆጣጠር 1838 ዓ.ም. መባቻ መሆኑ ነው፤ ደብረ ታቦር ላይ ዳግማዊ ራስ አሊ ያሉበት፣ ዘመነ መሳፍንት ያላለቀበት ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ1841 በተደረገው ቆጠራ የአየርላንድ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበር። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህሉ በረሃብና ረሃቡ ባመጣው ተስቦና ተቅማጥ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው አገር ጥሎ ተሰደደ። ዛሬ፣ ከ180 ዓመት ገደማ በኋላ፣ የደሴቲቱ ሕዝብ ሰሜኑም ደቡቡም ተደምሮ 7 ሚሊዮን አካባቢ ነው፤ ገና የያኔውን ቁጥር አልመለሰም።

በሽታው ያረፈው አየርላንድ ላይ ብቻ አልነበረም። ሆላንድን፣ ቤልጂየምን፣ ፕሩሺያን፣ የስኮትላንድን ደጋ ሁሉ መትቷል። በቤልጂየም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞቷል፤ ቀላል አይደለም። ከስምንት ሰው አንዱ ያለቀው ግን በአየርላንድ ብቻ ነው። አየርላንድ ደግሞ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ እጅግ ባለጸጋ ከነበረው መንግሥት ጋር፣ እ.ኤ.አ. ከ1801 ጀምሮ፣ አንድ አገር ተብላ የተዋሐደች ነበረች። የምትተዳደረው ለንደን ካለው ፓርላማ ነው።

መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ አንድ ሕዝብ እንዴት በአንድ ሰብል ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ የሚለው ነው። መልሱ ያለው መሬቱ ዘንድ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተካሄዱት ወረራዎች፣ በተለይ ከክሮምዌል ዘመቻ በኋላ፣ የካቶሊኩ አየርላንዳዊ መሬት ተነጥቆ ለእንግሊዛውያንና ለስኮትላንዳውያን ባለይዞታዎች ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች ካቶሊኩ መሬት እንዳይገዛ፣ ረጅም ኪራይ እንዳይዝ፣ ርስቱንም ለአንድ ልጁ ሳይሆን ለሁሉም በታትኖ እንዲያወርስ አስገደዱት። ረሃቡ ሲመጣ እነዚህ ሕጎች በአብዛኛው ተሽረዋል፤ መሬቱ ግን በጥቂት ሺህ ባለመሬቶች እጅ እንደነበረ ነው። በርካቶቹ እንግሊዝ ተቀምጠው ኪራዩን በወኪል የሚያስሰበስቡ ነበሩ። በመካከል ደግሞ ሰፊውን መሬት ተኮናትሮ እየቆራረሰ ለድሃው የሚያከራይ ደላላ አለ። ድሃው ጭሰኛ ውል የለውም፤ ከዓመት ዓመት እንጂ ከዚያ በላይ አይተማመንም። ቤቱን ቢያድስ፣ ውሃ የሚያቁረውን ማሳ ቢያጠነፍፍ፣ የሚያገኘው ሽልማት የኪራይ ጭማሪ ነው። ታዲያ ማን ያሻሽላል?

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እዩልኝ፣ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ይህ ነው። ያ ጭሰኛ አጃና ገብስ ያመርታል፤ አሳማ ያደልባል፤ ቅቤ ይንጣል። እነዚህ ግን የኪራይ ናቸው። ተሸጠው ባለመሬቱ ጋ ይሄዳሉ። ቤተሰቡ የሚበላው ድንቹን ነው፤ ከግማሽ ሄክታር ባነሰች ቁራሽ ላይ ከድንች በቀር ቤተሰብ የሚያጠግብ ሰብል ስለሌለ። አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ በቀን ከአምስት ኪሎ በላይ ድንች ይበላ ነበር፤ አሬራ ሲጨመርበት ሰውነት የሚገነባ ምግብ ነው፤ አየርላንዳውያን ጠንካሮች የነበሩትም በዚያ ነው። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ከድንች ሌላ የሚቀምሰው አልነበረውም ማለት ይቻላል። ድንቹ ሲጠፋ ገብሱን ለምን አልበሉትም የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ገብሱን የበላ ኪራይ አይከፍልም፤ ኪራይ ያልከፈለ ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ይጣላል። ዘንድሮ ተርቦ ለከርሞ መሬት ማቆየት ወይም ዘንድሮ በልቶ ለከርሞ ሜዳ ላይ መውደቅ፣ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት።

ዝርያውም አደጋ ነበረው። ድሃው የሚተክለው በአብዛኛው «ላምፐር» የሚባለውን፣ በደከመ አፈር ላይ ብዙ የሚሰጠውን ድንች ነው። ድንች የሚራባው ከራሱ ከድንቹ ስለሆነ የአንድ ዝርያ ማሳ ሁሉ አንድ ተክል እንደማለት ነው፤ አንዱን የያዘው በሽታ ሁሉንም ይይዛል። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስቸግርም። በፋግታ ለኮማ ስንቱ ቤተሰብ ማሳውን ወደ ዲከረንስ ዛፍ ለውጦ፣ ከሰሉን ሸጦ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ አስተምሯል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሽታ ገብቶበት ዛፉ እየደረቀ ስንቱ እንዳዘነ የአዲስ ቅዳም ሰው ያውቀዋል። ልዩነቱ የአዲስ ቅዳም ገበሬ ዲከረንሱን ነቅሎ ጤፍ ወይም ድንች ለመዝራት የማንንም ባለመሬት ፈቃድ አለመለመኑ ነው።

አሁን ወደ መንግሥት ሥራ እንምጣ። በመጀመሪያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል በ100,000 ፓውንድ ከአሜሪካ በቆሎ አስገዝቶ በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ አደረገ። በቆሎው ለመፍጨት ያስቸገረ፣ ሰው አበሳሰሉን የማያውቀው ነበር፤ ቢሆንም ያን ዓመት ብዙ ሰው አልሞተም። በ1846 በጋ ፒል ወረደ፣ ጆን ራስል ተተካ። ያን ዓመት ድንቹ ከሞላ ጎደል ጠፋ። አዲሱ መንግሥት እህል ማቅረብ የነጋዴ ሥራ ነው፣ መንግሥት እጁን ካስገባ ገበያው ይበላሻል አለ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ባለሥልጣን ቻርልስ ትሬቬልያን ደግሞ ረሃቡን የአየርላንድን ኋላ ቀር አኗኗር የሚያርም የፈጣሪ እጅ አድርጎ የሚያይ ሰው ነበር። የእንጀራ ገመድ በእንዲህ ዓይነት ሰው እጅ መውደቁ በራሱ መዓት ነው።

በዚያ ዓመት የአውሮፓ ክረምት ከአየርላንድ ወደቦች እህል፣ ቅቤ፣ የቁም ከብት ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር፤ ጋሪዎቹን ወታደር ያጅባቸዋል። እውነቱን ለመናገር በ1847 ከወጣው ይልቅ የገባው እህል በልጧል፤ የወጣው ሁሉ ቢቀርም የጠፋውን ድንች አይተካም ነበር። ነገር ግን የአሜሪካው በቆሎ በብዛት እስኪደርስ በነበሩት በእነዚያ ወራት፣ እህል በበሩ ሲወጣ ማየት ምን ያህል ነፍስ እንዳስከፈለ መገመት አያቅትም።

ለተራበው የተሰጠው መልስ የቀን ሥራ ነበር። በ1847 መጋቢት ላይ ከ700,000 የሚበልጥ ሰው በበረዶ ድንጋይ ይፈልጥ፣ መንገድ ይቆርጥ ነበር፤ ከመንገዶቹ አንዳንዶቹ የትም የማያደርሱ ናቸው። ክፍያው ይዘገያል፤ የእህል ዋጋ ደግሞ ከደመወዙ ቀድሞ ይሮጣል። ጉልበቱ ያለቀ ሰው ሥራው ላይ ይወድቅ ጀመር።

ከዚያ የሆነው ነገር ከሁሉ በላይ ያንገበግበኛል። መንግሥት የቀን ሥራው እንዳልበጀ አይቶ የሾርባ ቤቶች ከፈተ። በሐምሌ 1847 በቀን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ይበላ ነበር። ልብ በሉ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ስልክ በሌለበት! ሞቱ ቀነሰ። ማብላት ይቻል እንደነበር በተግባር ታየ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሾርባ ቤቶቹ ተዘጉ፤ የአየርላንድ ድሃ በአየርላንድ ግብር ይረዳ ተባለ። አንድ አገር ናችሁ ተብሎ የተዋሐደ ሕዝብ፣ ሲራብ ብቻ ሌላ አገር ሆነ።

ስለ እርዳታ የወጣው አዲሱ ሕግ ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ሰው መሬቱን ካልለቀቀ በስተቀር አይረዳም አለ። ሩብ ኤከር አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በእኛ የመሬት መለኪያ በቃዳ ብናሰላው ግማሽ ቃዳ እንኳ አይሞላም። ልጆችህ እንዲበሉ ከፈለግህ መሬትህን አስረክብ ማለት ነው። ይህ በቂ እንዳይደለ፣ ዓመታዊ ግምታቸው ከአራት ፓውንድ በታች የሆኑ ይዞታዎችን የድሆች ግብር የሚከፍለው ባለመሬቱ እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። ባለመሬቱም አሰበ፤ ድሃ ጭሰኞቹን ካባረረ ግብሩ ይቀርለታል፣ መሬቱም ለከብት ግጦሽ ይለቀቅለታል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተባረረ። ተመልሶ እንዳይገባ የቤቱ ጣሪያ ይፈርሳል። የተባረረው ወደ መርከብ ሄደ፤ በ1847 ብቻ ካናዳ በር ላይ ባለችው በግሮስ ኢል ደሴት ከ5,000 በላይ ስደተኛ በተስቦ ሞቶ ተቀበረ።

የብሪታንያ መንግሥት በረሃቡ ዓመታት በሙሉ ያወጣው ገንዘብ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው በብድር የታሰበ። ከአሥራ ጥቂት ዓመታት በፊት ያው መንግሥት ባርነት ሲቀር፣ ባሮቹን ላጡት ጌቶች ካሣ የከፈለው 20 ሚሊዮን ነበር። ድህነት አልነበረም ችግሩ።

ሆን ተብሎ የተፈጸመ ዘር ማጥፋት ነው የሚሉ አሉ። አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች እንዲያልቁ የታቀደበት ማስረጃ የለም ይላሉ። እኔም በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ግን ጥፋቱን የሚያቀል አይመስለኝም። ሰው እያለቀ መሆኑን በየቀኑ ሪፖርት እያነበቡ፣ ማብላት እንደሚቻል አይተው፣ መልሰው መዝጋት ምን ይባላል?

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ድንች እኛ ዘንድ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ሺምፐር ባመጣው ነው ይባላል፤ በሰፊው የተለመደው ግን በእኛ አቆጣጠር ከ1880ዎቹ ክፉ ቀን ወዲህ ነው። ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ፣ በሬ ጠፍቶ፣ እህል ሲታጣ ሰው የተጠጋበት ሰብል ሆነ። አየርላንድን የጣለው ድንች እኛን ሊያነሳ መጣ ማለት ነው።

ከአየርላንዱ ጋር በእጅጉ የሚቀራረበው ግን የ1965 እና የ66ቱ የወሎ ረሃብ ነው። ዝናቡ ጠፍቷል፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን በልጅነቱ እ.ኤ.አ. የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ ያየው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ወሎን ሲመረምር ያገኘው ነገር አስደናቂ ነው። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ የነበረው ጠቅላላ የእህል ምርት የቀነሰው በጥቂቱ ነው። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል ነበር። ለምን? የወሎ ገበሬ ማሳው ስለደረቀ የሚሸጠው የለውም፤ የሚሸጠው የሌለው ሰው ገበያ ቢወጣም ገዢ አይደለም፤ ገዢ የሌለበት ገበያ ዋጋ አይጨምርም፤ እህሉም ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። እህል አገር ውስጥ እያለ ሰው ተራበ። ከአየርላንድ ወደብ የወጣው ቅቤና ከደሴ የወጣው እህል መንገዳቸው አንድ ነው።

መሬቱም አለ። በወሎ ጭሰኛ ሆኖ ከምርቱ ተካፍሎ የሚበላ ገበሬ ጥቂት አልነበረም፤ በክፉ ዘመን የሚያቆየው ጥሪት አይኖረውም። የአፋሩ አርብቶ አደር ደግሞ የደረቅ ወራት ግጦሹን በአዋሽ ሸለቆ ለጥጥ እርሻ ተነጥቋል፤ የተንዳሆ እርሻ የእንግሊዝ ኩባንያ የሚያስተዳድረው ነበር። ድርቁ ሲመጣ ከብቱን የሚያሸሽበት ወንዝ ዳር የጥጥ ማሳ ሆኖ ቆየው።

በዚህ ሁሉ ላይ ዝምታ ተጨመረበት። በእግራቸው ወደ አዲስ አበባ የመጡትን ረሃብተኞች ፖሊስ መለሳቸው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶ አምጥተው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም አወቀ። የሞተው ሰው ቁጥር ከ40,000 እስከ 200,000 ይገመታል። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቀላቀለ ለአገሩ ሕዝብ ታየ።

ያን ፊልም ያሳየው ደርግ ከአሥር ዓመት በኋላ የአብዮቱን በዓል በድምቀት ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እየረገፈ ነበር። ጭሰኝነት ቀርቷል፤ ግን ገበሬው እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደዳል፣ በሰሜን ጦርነት አለ። የሚያዝዘው ሰው ተቀየረ እንጂ የተራበው ሰው ድምፅ እንደታፈነ ነው። ያኔ ከዓለም ድምፅ ካሰሙት አንዱ የአየርላንዱ ተወላጅ ቦብ ጌልዶፍ ነው። ኮንሰርን የተባለው የአየርላንድ ድርጅትም ከወሎው ረሃብ ጊዜ ጀምሮ እዚህ ነው። በረሃብ ያለፈ ሕዝብ አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ1847 የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ቾክቶዎች፣ ራሳቸው ከምድራቸው በግፍ ተነቅለው ሳለ፣ ከድህነታቸው ገንዘብ አዋጥተው ለአየርላንድ ልከው ነበር። አየርላንዳውያን ዛሬም ይህን ያነሳሉ።

የ1977ቱ ረሃብ ደግሞ በእኛ በር አልፏል። ደርግ 600,000 ያህል ሰው በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ 80,000 ገደማው ያኔ የጎጃም አውራጃ ወደነበረው ወደ መተከል፣ ወደ ፓዌ ተወሰደ። በፈቃዱ የሄደ ነበር፤ እርዳታ እየጠበቀ ሳለ ተይዞ የተጫነም ነበር። ብዙው ደገኛ ነው፤ ቆላው ላይ በወባ አለቀ። መሬቱ ባዶ ነው ተብሎ ነበር፤ ግን የጉሙዝ ሕዝብ ይኖርበታል፣ ያድንበታል፣ ማሳውን እያሳረፈ ያርስበታል፤ የጠየቀው የለም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው ቻግኒ ራንች የተጠለሉትን ያየን ሰዎች፣ የመሬት ጉዳይ ሳይጠየቅ ሲታለፍ ምን ያህል እንደሚቆይ እናውቃለን።

ከእንጅባራ በቻግኒ አድርጎ ግልገል በለስን ካለፉ ፓዌ ቅርብ ነው። በ77 ወጣት የነበሩት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። እዚያ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያላችሁ እባካችሁ ጠይቋቸው፤ ሲመዘገቡ ማን መዘገባቸው? የእርዳታውን ስንዴ ለመቀበል ምን ተባሉ? ጥለውት የመጡትን ማሳ ማን ያዘው? ሲደርሱ የጉሙዝ ጎረቤቶቻቸው ምን አሏቸው፣ ምንስ አጡ? የነገሯችሁን ከነቀበሌው ስም ጻፉት። የአየርላንድ ሰዎች ገጠር ለገጠር ዞረው ከሽማግሌዎች የሰበሰቡት ቃል ዛሬ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ይጠናል፤ የፓዌዎቹ ቃል ግን አብዛኛው ገና አፋቸው ላይ ነው።